በእንዶድ የታጠበው ጋን

ባለፈው እሑድ ከሰዓት ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር። ልጄ ፋብሪካ ከገባ ወዲህ ደመወዝ በተቀበለ ቁጥር «እማ፣ ነይ ልጋብዝሽ» ይለኛል፤ የሚጋብዘኝም ሁልጊዜ እዚያው ሰፈሩ ባለች፣ ቀይ የፕላስቲክ ወንበር በረንዳዋ ላይ በደረደረች ግሮሰሪ ነው። ጥብስ አዘዘ። የመጣልን ጥብስ ቃሪያው ከሥጋው ይበልጥ ነበር፤ ዋጋውን ስሰማ በሬውን ከነቀንዱ የገዛነው መሰለኝ፣ ግን የጋበዘ ሰው አይታማም ብዬ መብላቴን ቀጠልኩ። ከዚያ ቢራው ተቀዳና ብርጭቆዬን ወደ አፌ ሳስጠጋ ሳሙና ሳሙና ሸተተኝ። አስተናጋጇ አጥባ በደንብ አላለቀለቀችውም። ሌላ ሰው ቢሆን «ቀይሪልኝ» ብሎ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ ብርጭቆውን አስቀምጬ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ።

ያደግኩት ጠላ ቤት ውስጥ ነው። ከደሴ ወደ ቦሩ ሜዳ ሲኬድ ከመኪናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ዙሪያውን የጭቃ መደብ የዞረው አንድ ክፍል ቤት፣ ደጁ ላይ እንደማንኛውም ጠላ ቤት እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴና እኔ ያደርነው በዚያ ጣሳ ነበር። በገበያ ቀን ሽንኩርቱንና ድንቹን ሸጦ የሚመለስ ገበሬ ሁለት ጠላ ቤት አልፎ እኛ ጋ ይመጣል፤ የእናቴ ጣሳ ትልቅ ነው፣ እስከ አፉ ይሞላል፣ ጎደል ሲልም ሳይጠይቋት ትጨምርበታለች፤ ከጠላው ጋር ደግሞ ትኩስ የባቄላ ንፍሮና አዋዜ የተቀባ የገብስ ቂጣ ያለ ዋጋ ይቀርባል። ጠላ ለማይጠጡት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቀሪቦ፣ ያ የማያሰክረው የገብስ መጠጥ፣ ለብቻው በእንስራ ይዘጋጅላቸው ስለነበር ከጠላ ጠጪዎቹ ጋር አንድ መደብ ላይ ተቀምጠው የገበያውን ወሬ ይካፈላሉ። ከእነሱ መካከል አባባ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቦታቸው በሩ አጠገብ ነው፣ ቀዝቃዛውን ቀሪቦ እንደ ትኩስ ነገር እፍ እያሉ ይጠጡታል።

ርካሽነታችን ግን ወሬ አላጣም። ሌሎቹ ጠላ ሻጮች «ይህን ያህል ሞልታ የምትሸጠው ምን ብትጨምርበት ነው?» ይሉ ነበር፤ በእኛ አገር ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ቀላል አይደለም፣ የሰው እንጀራ ይዘጋል። የእናቴ መልስ አንድ ነበር። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ጣሳውን ከመስጠቷ በፊት ጠብ አድርጋ በመዳፏ ትቀበልና በሰው ፊት ትጠጣዋለች። ጠላ የሚሸጥ ሁሉ ይቀምሳል፤ ሌሎቹ ለወጉ ከንፈራቸውን ያረጥባሉ፣ እሷ ግን መዳፏን ሞልታ ጭልጥ ነው። ጋሽ ደመቀ የሚባሉ ነጭናጫ ደንበኛ ነበሩን፤ በዚያ ሁሉ ሙላት ላይ እንኳ «ዛሬስ ጎደል አላለም?» ሳይሉ አይጀምሩም፣ እናቴ መዳፏን ስትዘረጋም «አንች ቀምሰሽ ጨረስሽው እኮ» እያሉ ያበሽቋታል።

ጋን ማጠብ የእኔ ሥራ ነበር። ጋን የሚታጠበው በግራዋ ቅጠል ነው፤ በግራዋ ታሽቶ፣ ተለቅልቆ፣ በወይራ ይታጠናል። ግራዋው የሚገኘው ግን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ከመቃብሩ አጠገብ ነበር፤ አባቴ እዚያ ከተቀበረ ገና አንድ ክረምት ማለፉ ነው። የሰፈር ልጆች የሞተ ሰው የሚወደውን ልጅ በስሙ ጠርቶ ይወስዳል ብለውኛል፤ አባቴ ደግሞ በጣም ይወደኝ ነበር። አንድ ቀን ግራዋ ላመጣ ወጥቼ መንገዱ እኩሌታ ላይ ቆሜ ነፋሱን አዳመጥኩ፣ ስሜን የሰማሁ መሰለኝና ዞሬ ሮጥኩ። ጓሯችን ውስጥ ልብስ የምናጥብበት እንዶድ አለ። ነጠላን እንዲያ የሚያነጣ ጋንንስ ለምን አያነጣም አልኩና ፍሬውን ወቅጬ አሸሁበት፤ አረፋው ገንፍሎ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ውኃ ከምንጭ መመላለስ ስለሰለቸኝ ያለቀለቅኩት አንዴ ብቻ ነው። እናቴ «ግራዋውን አመጣሽ?» ስትለኝ «አዎ» አልኩ። ጋኑን ወደ ብርሃን አዘንብላ አየችና «እሰይ የኔ ልጅ፣ ዛሬስ አበራሽው» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።

ጠላው ተጠንስሶ እስኪደርስ ነገሩን ረስቼው ነበር። ጋኑ በሚከፈትበት የገበያ ቀን ጠዋት ልብስ ይዤ ወንዝ ወረድኩ። አንዲት ሴት ከብት ከሚጠጣበት ከፍ ብላ እንዶዷን ስታሽ ሌላዋ ጮኸችባት፤ «አንች! ከብቱን ልትፈጅው ነው? አልቅት የሚገድል መርዝ እኮ ነው፣ የጠጣው አንጀቱ ይበጠሳል!»

ልብሱን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ። ያን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም፤ የማስታውሰው አፌ መምረሩንና ጋኑ ገና እንዳይከፈት እግዜርን መለመኔን ነው።

ስደርስ መደቡ ሞልቷል። ጋሽ ደመቀ ሦስተኛ ጣሳቸውን ይዘዋል፣ አባባ ይመር በሩ ሥር ቀሪቧቸውን እፍ ይላሉ፣ እናቴ አዲስ ለገባ ሰው መዳፏን ዘርግታ ትቀምሳለች። አንዱ ይገባል፣ ትቀምሳለች፤ ሌላው ይገባል፣ ትቀምሳለች። እኔ በሩ ላይ ተገትሬ ቀርቻለሁ። ብናገር የወሬኞቹ ወሬ እውነት ይሆናል፣ የምንበላበት ቤት ይዘጋል። ዝም ብል እናቴ ትሞታለች፤ ከአባቴ አጠገብ ትቀበርና ሁለት ሆነው ይጠሩኛል። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም፤ ልጆቼን ስወልድም እንደዚያ አልፈራሁም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፣ የእኔን ያወጣው ግን የእናቴ መዳፍ ነው። ለሚቀጥለው ሰው ስትዘረጋ ዘልዬ እጇን ያዝኩ፤ ጠላው ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ።

«እማ አትጠጪ፣ በእንዶድ ነው ያጠብኩት» አልኳት። በሹክሹክታ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር፤ ቤቱ በሙሉ ሰማኝ።

ትገድለኛለች ስል አልነካችኝም። ፊቷ አመድ መሰለ፤ ጣሳውን አስቀመጠች፣ ጋኑን ከደነች፣ ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረች። «ሰምታችኋል» አለች። «እናንተ የጠጣችሁትን እኔ ቀድሜ ጠጥቻለሁ፣ ከጠዋት ጀምሬ። የሚመጣ ነገር ካለ መጀመሪያ የሚመጣው በእኔ ነው። እዩኝ።» ይህን ብላ በርጩማዋን ስባ መሃል ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

የጠበቅኩት ጩኸት ነበር። ከመደቡ ግን አንድም ሰው ተነስቶ አልወጣም። አባባ ይመር ምርኩዛቸውን አንስተው «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ፣ አላህ አለ» አሏትና ቤታቸው ሄደው አንድ ቅል ወተት ይዘው ተመለሱ፤ «ወላሂ፣ መርዝን ወተት ነው የሚሰብረው» እያሉ መጀመሪያ ለእሷ፣ ከዚያ ለጠጡት ሁሉ በየተራ ቀዱላቸው። ጋሽ ደመቀ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ላብ በግንባራቸው እየወረደ፣ ወተታቸውን ተቀብለው አዩትና «የእኔ ጎደል አላለም?» አሉ። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፣ ያኔ ግን ማንም አልሳቀም።

ሁሉም እናቴን እያዩ ተቀመጡ። አንዴ ጎንበስ ብላ ሆዷን ስትጫን መደቡ ላይ ያለው ሰው በሙሉ ብድግ አለ። ጓሮ ወጥታ አስመለሳት፤ ሌሎች ሁለት ሰዎችም ተከተሏት። ተመልሳ ያችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች፣ እኔ ደግሞ ከእግሯ ሥር ሆኜ የቀሚሷን ጫፍ ይዤ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል መልኳ ተመለሰ። አባባ ይመር «አልሐምዱሊላህ» ብለው ተነሱ፣ ሌላውም ተከትሏቸው ወደየቤቱ ሄደ። እናቴ ያን ሁሉ ጠላ ጓሮ ደፋችው፣ ጋኑንም በዘነዘና ሰበረችው። ያን ቀን ከማንም ሳንቲም አልተቀበለችም።

በሌላ ጋን እንደገና ስትጠምቅ ግራዋ አምጪ አለችኝ። አብሬሽ ልሂድ አላለችኝም። መቃብሩ አጠገብ ቆሜ ቅጠሉን እየዘነጠልኩ አለቀስኩ፣ የጠራኝ ግን አልነበረም። አባቴ ቢጠራኝ እንኳ ሥራ አለብኝ ልለው ወስኜ ነበር።

ጠላው ደርሶ በተከፈተበት የገበያ ቀን መደቡ ባዶ ዋለ። ሰዉ ከእኛ በፊት ባሉት ሁለት ቤቶች ጠጥቶ በደጃችን አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ እናያለን። የመጡት አባባ ይመር ብቻ ናቸው፤ ጠላ አይጠጡም፣ ግን ቦታቸው ላይ ተቀምጠው ቀሪቧቸውን እፍ ሲሉ ዋሉ። በኋላ ጋሽ ደመቀ በሩ ላይ ቆሙና «ያጠበችው ትቅመሰው» አሉ።

እናቴ አየችኝ። ጣሳውን ሞላችና መዳፌ ላይ ጠብ አደረገችልኝ። ግራዋውን በእጄ የቀጠፍኩት፣ ሦስት ጊዜ ያለቀለቅኩት እኔ ነኝ፤ ያም ሆኖ መዳፌን ቶሎ ወደ አፌ ማንሳት ስላቃተኝ ግማሹ በጣቶቼ መካከል ፈሰሰ። የቀረውን ጠጣሁት። ጋሽ ደመቀ ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ቆዩና መደቡ ላይ ተቀምጠው «ሙይልኝ እንግዲህ፣ እስከ አፉ» አሉ። ከእሳቸው በኋላ አንድ ሁለት እያለ ሰው ገባ፣ ሁሉም ባይመለሱም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክዳር ድረስ ለገባው ሁሉ ቀድማ የምትቀምሰው እኔ ነበርኩ፤ ፍርሃቱ አንድም ቀን አልለቀቀኝም።

እናቴ ከሞተች ቆየች። ጠላ ቤቱ ፈርሷል፣ ደጃፉ ላይ የሆነ ሰው ሱቅ ሠርቶበታል። ዛሬ ቢራው ታሽጎ ይመጣል፤ ቆርኪውን ፊትህ ይከፍቱልሃል፣ በቃ፣ የሚቀምስልህ የለም። በእኛ ቤት በዚያ ርካሽ ዋጋ ውስጥ ንፍሮው ነበረበት፣ ቂጣው ነበረበት፣ ከጠጪው ሆድ የሚቀድም የእናቴ ሆድ ነበረበት። የዚያን ዋጋ የከፈለ ሰው አላውቅም። እኔም አልከፈልኩም።

ቀና ስል ልጄ የራሱን ብርጭቆ አንስቷል። ያችው አስተናጋጅ ያጠበችው ነው። እጁን ያዝኩት፣ ብርጭቆውን ተቀብዬ መዳፌ ላይ ጠብ አደረግሁና ጠጣሁት።

«እማ፣ ምን ሆነሻል? ሰው እያየን እኮ ነው።»

«ምንም። ጠጣ፣ ደህና ነው» አልኩት።

ራሱን እየነቀነቀ፣ እየሳቀ ጠጣ። እኔ ሆዴን እያዳመጥኩ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ እስክትል ከወንበሬ አልተነሳሁም።