አባባ የተወው ቦርድ

ዱባይ ኢንቨስትመንት ፓርክ በምሠራበት ፋብሪካ አዲሷ ልጅ የራዲዮ ቦርድ ስትፈትሽ እጇን ከላዩ አላነሳችም። «እጅሽን አንሺና መለኪያውን አንብቢ» አልኳት። የብየዳው ጭስ አፍንጫዬ ገብቶ አጅማን ወዳለው የልጅነት ቤቴ መለሰኝ።

አል ራሺዲያ ሰፈር፣ የወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ነን። አባባ የአውሮፕላን ራዲዮ ጠጋኝ ነበር። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከሥራ አሰናበቱት፤ ቪዛውም ተሰረዘ። ነገ ወደ አገር ቤት ይበራል። እናቴ ሻንጣውን ታዘጋጃለች፤ እሱ ግን ከሩቅ ሰዎች ጋር ለሚያወራበት የአማተር ራዲዮ ማጉያ እየሠራ ነው። ቦርዱ ላይ ቀጭን የመዳብ መስመር ተዘርግቷል። እሱ ቦርዱ እንዳይንቀሳቀስ በመዳፉ ይጫነዋል፤ እኔ ጥፍር የምታክል የመዳብ ቁራጭ በስቴኪኒ ወደ መስመሩ ዳር እገፋለሁ።

«ቀስ በይ፣ የኔ ልጅ። ሞገዱ በመዳቡ ብቻ አይሄድም፤ በላዩ ባለው አየርም ያልፋል።»

ከቦርዱ ጋር የተያያዘው የኃይል መለኪያ መርፌ ወጣ። ቁራጯን በየድኳት። አባባ ፈገግ ብሎ እጁን አነሳ፤ መርፌው ወደቀ። እጁን ሲመልስ ወጣ።

«ኸላስ፣ በቃ» አለ። «ከነእጄ ነው ያስተካከልነው፤ ለሞገዱ እጄም የቦርዱ አካል ሆኗል።»

«እንደገና እንሥራው» አልኩት።

እናቴ ከበሩ ላይ ሆና «ሻንጣውን ልዘጋው ነው» አለች።

ቦርዱን ትቶልኝ ሄደ፤ አልተመለሰም። እኛ በእናቴ ቪዛ ቀረን። ከትምህርት ቤት ስመለስ መዳፌን የእሱ መዳፍ በነበረበት ቦታ ቦርዱ ላይ አሳርፍ ነበር። መርፌው ትንሽ ይነሳና ይቆማል።

ፋብሪካው ውስጥ አዲሷ ልጅ እጇን ከቦርዱ አነሳች።

«መርፌው ወደቀ» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት።