«ተቀመጪ» የሚላት ዘፈን

ይህን ጽሑፍ ልተወው ጥቂት ነበር የቀረኝ፤ ስሟን እንኳ ያልጠየቅኋትን ሴት መግለጽ ድፍረት መስሎኝ ነበር።

ልብሴን ልወስድ በገባሁበት ላውንደሪ ውስጥ፣ ያበጠ ቁርጭምጭሚቷን በጨርቅ ጠምጥማ፣ ከማለዳ ጀምሮ ቆማ ሸሚዝ ትተኩሳለች። አንድ ደንበኛ፣ እሷ የምትወዳትን ዘፋኝ የሚያብጠለጥል ጽሑፍ ከጋዜጣ ላይ አነበበና ሳቀ።

«‹ደክሞሻል፣ ተቀመጪ› ብሎ ግጥም! ይህንንማ ማንም ይለዋል።»

ካውያዋን አቆመች።

«ወንድ ቢዘፍነው ኖሮ ጋዜጣዎ ‹ጥልቅ› ይለው ነበር! ማንም ይለዋል አሉ? ታዲያ እኔን እስከ ዛሬ ማን ‹ተቀመጪ› አለኝ?»

«አንቺ! ትንፍሽ ካልሽ ነገ እንዳትመጪ!» ሲል የላውንደሪው ባለቤት ጮኸባት።

«ዘፋኟን ይቅርታ ይጠይቋትና ዝም እላለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከደንበኛው ሳትነቅል።

ለአንድ ሸሚዝ የሚከፈላት የዚያ ጋዜጣ ዋጋ እኩሌታ ነው።