እጅ ያሳጠፈው መምህር

ያለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ቡራዩ ላይ የገጠመኝ ነው። ዛሬም ሳስበው ከልጄ መምህር ይልቅ የሚያስጠላኝ የራሴ ነገር ነው።

ልጄ ሐዊ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ መስማት አትችልም። የምታወራው በእጇ ነው፤ ስታወራ ደግሞ አያድርስ! ሳህን ይገለበጣል፣ ብርጭቆ ይሰበራል። የምትማረው ሰፈራችን ካለው ትምህርት ቤት፣ እንደሷ ላሉ ልጆች በተከፈተው ልዩ ፍላጎት ክፍል ነው።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አዲስ መምህር መጣ። ወር ሳይሞላ ልጄ ሌላ ሰው ሆነች። እንግዳ ሲመጣ እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ቁጭ! ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ እንኳ "ጉድ እኮ ነው፣ ይቺ ልጅ ጨዋ ሆነች" አሉኝ። ደስ አለኝ። ምን ነካት ብዬ አልጠየቅኩም። ጭራሽ ትምህርት ቤት ድረስ ሄጄ "መምህር፣ ልጄን ሰው አደረጉልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ አመሰገንኩት።

አንድ ቀን ክሊኒክ ልወስዳት ከመውጫ ሰዓቷ በፊት ሄድኩ። በመስኮት ሳይ ሰባት ልጆች እጃቸውን አጣጥፈው ተደርድረዋል። መምህሩ ስልኩን ይነካካል። ሐዊ እግሯን አጣምራ ትቁነጠነጣለች። እጇን ፈታ ስታደርግ ማስመሪያውን አነሳባት፤ መልሳ አጣጠፈች። ከዚያ እዚያው ወንበሯ ላይ አመለጣት። ሽንቷ ሲሚንቶው ላይ ሲወርድ እንኳ እጇን አልፈታችም።

በሩን በርግጄ ገባሁ። እሱ ምንም አልመሰለውም።

"የሐዊ እናት፣ ሥርዓት እያስያዝኳቸው እኮ ነው። ሌላውም ክፍል እጁን አጣጥፎ ነው የሚቀመጠው።"

"ሌላው ክፍል አፍ አለው!" አልኩት። "የአንተን አፍ በፕላስተር ለጥፌ ሽንት ቤት አስፈቅድ ብልህስ?"

"እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ መጥተው ያመሰገኑኝ?"

እግሯን በነጠላዬ ጠራርጌ ይዣት ወጣሁ።

ርዕሰ መምህሯ ዘንድ ከስሼው ከክፍሉ ተነሳ። አሁን ያለችው መምህርትም ቁጡ ናት፤ ግን እሷ ጋ አንዱ ሲያወራ ሌላው የሚያወራውን ልጅ እጅ እያየ ተራውን ይጠብቃል። ለካ እነሱንም ሥርዓት ማስያዝ ይቻላል።

ሐዊ ግን ዛሬም ሰው የተቆጣ ከመሰላት እጇን ታጣጥፋለች። እንግዳ "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!" ባለ ቁጥር ተነስቼ እጇን እፈታላታለሁ። ብርጭቆው ይሰበር!