ለተኛች ልጅ የተሳለ ተራራ

መጀመሪያ ያየሁት አጎነባበሷን ነው። ልጄ ሐዊ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። እርሳስ ሲወድቅባት እንደ ልጅ ጎንበስ ብላ አታነሳም፤ ወገቧን ቀጥ አድርጋ ትንበረከክና፣ አንስታ፣ ጭኗን በእጇ ተደግፋ ትነሳለች።

«ምን ሆነሽ ነው እንደ አሮጊት?» አልኳት።

ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት ልብሷ በላብ ርሶ ይገኝ ጀመር። ዩኒፎርሟ ሰፋት። እኔ ሰበታ ውስጥ ከቀለም ቀቢ ጋር የምሠራ የቀን ሠራተኛ ነኝ፤ ጀሶ አቦካለሁ፣ ግድግዳ በብርጭቆ ወረቀት አሻለሁ። እኛ ዘንድ ወገቡን የማያመው ሰው የለም። ስለዚህ የደብተሩ ክብደት ነው አልኩ። አንድ ቅዳሜ ሳጥባት ጀርባዋ መሀል ላይ አንዷ አጥንት ወጣ ብላ አየሁ። የአውራ ጣት ጫፍ ታህላለች።

ጎረቤቴ «ወለም ብሏት ነው፤ ቡራዩ የታወቁ ወጌሻ አሉ» አለችኝ። አጥንት የወጌሻ ነው፣ ሐኪም ቤት ከሄደ ይቆረጣል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። አምኜ ወሰድኳት።

ወጌሻው ሽማግሌ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ቅቤ አሞቁ። በሆዷ አስተኟት።

«አንቺ እናትየዋ፣ ትከሻዋን ያዢልኝ» አሉ።

ያዝኩ። አሹ። ጮኸች። «ጨርሻለሁ፣ ጨርሻለሁ» አሉ። በመዳፋቸው ጫኑ። አንድ ነገር ሲላወስ ተሰማኝ። በጆሮዬ አይደለም፣ በእጄ ነው። ድምጿ ተቋረጠ። ከዚያ ቀስ ብላ፣

«እማዬ፣ እግሬ የት ነው?» አለችኝ።

እግሯ እዚያው ነበር። እኔ አየዋለሁ። እሷ ግን አላገኘችውም።

አዲስ አበባ ሆስፒታል ኤክስሬይ ተነሳች፤ በነጋታው ኤምአርአይ። ሐኪሙ ወጣት ነው። ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየኝ። ከተደረደሩት አጥንቶች ሁለቱ አይጥ የበላው ዳቦ መስለዋል።

«እናት፣ ይሄ የአከርካሪ ቲቢ ነው።»

«ቲቢ የሳንባ አይደል እንዴ? ሳል እኮ የላትም።»

«አጥንትም ይገባል። መግል ቋጥሮ ነርቯን ተጭኗል። ማን ነው ያሻት?»

«ወጌሻ።»

ማን እንደያዛት አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም።

«ትራመዳለች?»

«አሁን አላውቅም። መድኃኒቱን አንድ ዓመት ሳታቋርጥ ትወስዳለች። ጀርባዋ እንዲያርፍ ትተኛለች። ነርቩ ካልሞተ ይመለሳል።»

ካልሞተ። ይህችን ቃልና ልጄን ይዤ ሰበታ፣ ቤታችን ገባሁ።

ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ሽንቷን ብርቱካናማ ሲያደርገው ደም መስሎኝ ጮህኩ። አስቀድመው ነግረውኝ ነበር፤ ረስቼው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ብዙም አላስታውስም። የእግሯን ጣቶች ማየቴን ብቻ አስታውሳለሁ። አይንቀሳቀሱም።

አሠሪዬ፣ ቀለም ቀቢው ኦቦ ገመቹ፣ ሊጠይቋት ሲመጡ በባትሪ የሚሄድ የፕላስቲክ ባቡር ከነሐዲዱ ይዘው መጡ። ሐዊ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፉሪ ዳገት ላይ ቆማ ባቡር ማየት እንደምትወድ ነግሬያቸው ነበር። ከሥራ የተረፈ የቺፑድ ጣውላ ብሎኬት ላይ አጋድመው፣ ከአልጋዋ እኩል አደረጉትና ሐዲዱን ዘረጉላት። ሁለት ቀን አየችው። በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ወደ ጣሪያው መለሰች።

«ምነው፣ ሰለቸሽ?»

«የትም አይሄድም እኮ። ከግድግዳ ወጥቶ ግድግዳ ይገባል። እንደኔ ነው።»

ሌላ ላደርግላት የምችለው ነገር አልነበረም። ግድግዳውን ግን እችላለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ከባቡሩ ኋላ አገር ላደርግላት ወሰንኩ።

መጀመሪያ ከገበያ ፖስተር ገዛሁ፤ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ሐይቅ፣ ቀይ ጣሪያ። ኦቦ ገመቹ አይተው፣ «ይሄ ባቡር ፓስፖርት አለው?» አሉ። ሐዊ አልጋ ከያዘች ወዲህ ገና ያን ቀን ነው የሳቀችው። ፖስተሩን አነሳሁት። ቀጥሎ ፉሪ ላይ ወጥቼ የወጨጫን ተራራ በስልክ አነሳሁና ፎቶ ቤት በትልቁ አሳተምኩት። ወረቀቱ ያብለጨልጫል፤ አምፖላችን ሰማዩ መሀል ቁጭ ብሎ ይታያል። ደግሞ ከዳገቱ ላይ ከነሜዳው ቁልቁል የተነሳ ስለሆነ «ከገደል ላይ የተኛሁ ይመስለኛል፣ ያዞረኛል» አለች። እሱንም አነሳሁት።

በመጨረሻ አቡጀዲድ ጨርቅ ወጥሬ ራሴ ልስል ተነሳሁ። የግድግዳው ማዕዘን እንዳይታይ ጨርቁን እዚያ ጋ ሳላጥፍ እንደ ደገን አጉብጬ አዞርኩት፤ ሰማይ ማዕዘን የለውማ። ከዚያ ሰማይና ምድር የሚገናኙበትን መስመር ቆሜ አሰመርኩ። ኦቦ ገመቹ በሩ ላይ ሆነው ያዩኛል።

«ሃዳ ሐዊ» አሉኝ፤ የሐዊ እናት ማለታቸው ነው። «ለማን ነው የምትስዪው?»

«ለልጄ ነዋ።»

«ልጅሽ ቆማለች?»

ንግግራቸው ወጋኝ።

«እንግዲያው ተኚና እዪ» አሉ።

ጫማዬን አውልቄ ከጎኗ ተኛሁ፤ ጉንጬን ትራሷ ላይ አደረግኩ። ያሰመርኩት መስመር በላያችን እንደ ጎርፍ ተንጠልጥሏል። በዚያ ሁሉ ጊዜ እሷ የምታየውን አይቼ አላውቅም ነበር፤ የኔን አገጭ፣ የአምፖሉን ገመድ፣ ጣሪያው ላይ ዝናብ ያስገባውን ቡናማ ምልክት። ተነስቼ መስመሩን ደምስሼ፣ ለተኛ ሰው ዓይን እኩል፣ ከቺፑዱ አራት ጣት ብቻ ከፍ አድርጌ አሰመርኩት።

ቀለሙን ሱሉልታ ቪላ ስንቀባ ኦቦ ገመቹ እንዳስተማሩኝ ደባለቅኩ። ሰማዩ ወደ ታች ሲወርድ እየነጣ ይሄዳል። ሩቅ ያለው ተራራ ነጭና ጥቂት ሰማያዊ ይጨመርበታል፤ ቅርብ ያለው አረንጓዴነቱን ይይዛል። ጥቁር አይነካም። ጠርዙ ሳይደርቅ በእርጥብ ስፖንጅ ይዳበሳል።

ወጨጫን ስስል እጄ እምቢ አለኝ። ባነሳሁት ቁጥር መሀል ላይ ወጣ ያለች ነገር ይሠራል። ያቺን አጥንት። ደመሰስኩ። ደግሜ ሳልኩ። እዚያው መጣች። ሦስተኛ ጊዜ ስደመስስ ሐዊ፣

«ተይው እማዬ፣ ወጨጫም ጎባጣ ነው» አለችኝ።

ተውኩት።

አስቸጋሪው መጋጠሚያው ነው። ቺፑዱ ከጨርቁ ጋር የሚገናኝበት መስመር በቢላ የተቆረጠ ይመስላል፤ ባቡሩ አገር ውስጥ መሆኑ ቀርቶ ሥዕል ፊት የቆመ ዕቃ ይሆናል። ሥዕሉ እግር ላይ ያለውን ቀለም ወደ ቺፑዱ ሳብኩት። አሸዋ በሻይ ማጥለያ ነፋሁበት፤ ሰጋቱራ አረንጓዴ ቀለም ነክሬ፣ አድርቄ፣ ወደ መጋጠሚያው አበዛሁት። በአሸዋው ላይ ያወጣሁት መንገድ ቀጥ ብሎ ሥዕሉ ውስጥ ከገባ እንደሚሰበር ስላየሁ፣ ከካርቶን ቤት ኋላ እንዲታጠፍ አደረግኩት። የባቡሩ ጥላም ሰማይ ላይ እንዳይወድቅ ሐዲዱን ከጨርቁ አንድ ስንዝር አራቅኩት።

አሸዋውን ስነፋ ጀርባዬን ሰጥቻት ነበር። ፊቷን እያየሁ መናገር አልቻልኩም።

«ቡራዩ የያዝኩሽ እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«በሆድሽ ተኝተሽ እንዴት አየሽ?»

«እጅሽ ይሻክራል እማዬ። ትከሻዬ ያውቀዋል።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

ባቡሩ ሁለት ጊዜ ዞረ።

«ብነግርሽ አትነኪኝም ብዬ» አለች።

አሸዋው ከእጄ ፈሰሰ። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ከለቅሶ በኋላ ግን መጋጠሚያውን ጨረስኩት፤ ቺፑዱ የት ጋ እንደሚያልቅ ለማየት እኔ ራሴ ጎንበስ ብዬ መፈለግ ነበረብኝ።

ከዚያ በኋላ ቀኑን ከባቡሩ ጋር መዋል ጀመረች፤ ከክብሪት ቀፎ ጣቢያ፣ ከደረቀ ጭራሮ የባሕር ዛፍ ረድፍ እየሠራች በጎኗ ሆና ታስቀምጣለች፣ ሲደብራት ታፈርሰዋለች። አንድ ቀን ከሰዓት የግራ እግሯ አውራ ጣት ተነቃነቀ። እኔ የምኞቴን ያየሁ መስሎኝ አልተናገርኩም። በሳምንቱ ለክትትል ስንወስዳት ሐኪሙ ራሱ አየው። «ነርቩ እየተመለሰ ነው» አለ፣ መድኃኒቱ ግን እንዳይቋረጥ ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ፤ ወራት አልፈው ጀርባ የሚደግፍ የወገብ ጃኬት ካሰረላት በኋላ፣ ቤታችን በሁለት ሰው ተደግፋ ለመጀመሪያ ጊዜ አልጋዋ ላይ ስትቀመጥ ደግሞ፣ ሁላችንም የምንጠብቀው ደስታ ሳይሆን ፊቷ ላይ ድንጋጤ መጣ።

«እማዬ፣ ተራራው ወረደ!» አለች።

እውነቷን ነው። ለተኛ ዓይን የተሳለ አገር ነበር፤ አሁን ከላይ ሆና ስታየው መሬቱ ሁሉ ወደ ግድግዳው ሥር ሰመጠ። ኦቦ ገመቹ መቀመጧን አይተው «ባሬዳ!» ብለው አጨበጨቡ፤ በኦሮምኛ ሸጋ ነው ማለታቸው ነው። እኔ ያን ሁሉ የደከምኩበትን ሥዕል በማግሥቱ ከላይ እስከ ታች ነጭ ቀባሁት፣ እንደገና ለመሳልም ቶሎ አልፈለግኩም፤ የምትቆምበትን ቀን ልጠብቅ ብዬ።

ዛሬ ትራመዳለች። ጀርባዋ ላይ ያቺ አጥንት አልጠፋችም፣ አትጠፋም ብለውኛል። ለሐኪሙ፣ በየቀኑ ከጤና ጣቢያ እየመጡ መድኃኒቱን ስትውጥ ቆመው ላዩት ነርሶች፣ ለኦቦ ገመቹ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ።

እንደኔ የምትጨነቂ እናት ሆይ፣ ልጅሽ ጎንበስ ማለት ከፈራች፣ ላብና መክሳት ካየሽባት፣ ማንም ሳያሻት ኤክስሬይ አስነሺያት። ሳል የላትም ብለሽ አትዘናጊ። መድኃኒቱን ሲሻላት አታቋርጪ፤ ሐኪሙ በቃ እስኪል ድረስ ነው። የበደልሻት ነገር ካለም ንገሪያት፤ ሳታውቅ አትቀርም።

ፍርሃቱ ይለቃል ብዬ አልዋሽሽም። ባለፈው እሑድ ሐዊ «ብቻዬን ፉሪ ሄጄ ባቡር አያለሁ» አለችኝ። እሺ አልኩ። ከሄደች በኋላ በሩ ላይ ቆሜ ዋልኩ። ስትመለስ ጉልበቷ ላይ ጭቃ ነበር።

«ወደቅኩ» አለች። «ተነሳሁ።»

ጀርባዋን ልዳብስ እጄ ሄደ። መለስኩት። ውኃ አምጥቼ ሰጠኋት፣ ጭቃውን ራሷ አጠበችው።