የዳቦ አመላላሹ መብራቶችና የአክስቴ ፊርማ

አክስቴ በአንድ መኪና አስመጪ ድርጅት ጋራዥ ውስጥ የዋስትና መርማሪ ናት። የዋስትና ዘመኑ ያላለፈ መኪና ተበላሽቶ ሲመጣ፣ ጥፋቱ የፋብሪካው ይሁን የባለቤቱ የምትለየው እሷ ናት። ሠራተኞቹ «ዳኛዋ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ለማሾፍ ነበር፤ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ግን ሹፈቱ አልቆ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ወደ መመርመሪያው ጉድጓድ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ትወርዳለች። ስትወጣ ግራ ጉልበቷን በእጇ ደግፋ፣ በሦስተኛው ደረጃ ላይ ጥቂት ቆማ ነው። ለምን እንደምትቆም የሚጠይቃት ሰው የለም፤ እሷም አትናገርም።

የምትሞላው ቅጽ አንድ ገጽ ሲሆን በመካከሉ ሁለት ጥያቄዎች አሉት። የመጀመሪያው «መኪናው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተጨመረበት ወይም የተለወጠበት ነገር አለ?» ይላል። ሁለተኛው «ካለ፣ ለብልሽቱ ምክንያት ሆኗል?» ይላል። ሌሎቹ መርማሪዎች ለመጀመሪያው «አለ» ብለው ሁለተኛውን ባዶ ይተዉታል፤ ሥራ አስኪያጁም ባዶውን ቦታ «አዎ» እንደተባለ ቆጥሮ ዋስትናውን ይሰርዛል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ ባለመኪናው በከፈታት ትንሽ ቀዳዳ ድርጅቱ ሙሉ ሰውነቱን ይዞ ይገባል። አክስቴ ሁለቱንም ትሞላለች። ይህ ልማዷ በእያንዳንዱ መኪና ላይ ግማሽ ቀን ይጨምርባታል፤ በማዕረጓ ላይ ግን ምንም ጨምሮላት አያውቅም።

ለባለመኪናዎች ታዳላለች ማለት አይደለም። እኔ ለተግባር ልምምድ እዚያ በገባሁበት ሳምንት፣ ጎማዎቹን በትልልቅ ያስቀየረ አንድ ወጣት የፊት ኩሽኔታው ተበልቶ መጥቶ ነበር። «እባክሽ እናቴ» እያለ ተከትሏት ቢዞርም «ኩሽኔታውን የበላው ጎማው ነው» ብላ ጽፋ መለሰችው። በዚያው መኪና ላይ አልወርድ ያለውን መስኮት ግን «ጎማ ከመስኮት ጋር ምን አገናኘው?» ብላ በዋስትናው አስጠገነችለት።

ዳቦ አመላላሹ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት፣ መኪናው ተጎትቶ ነው። ሃምሳውን ያለፈ፣ የዋስትና ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ የያዘ ሰው ነበር። ከዳቦ ቤት ተነሥቶ እስከ ዳር ሱቆች ዳቦ የሚያደርስባት ትንሽ የጭነት መኪና፣ ዋናው የሽቦ ጥቅሏ ተቃጥሎ ቆማበታለች። ዳቦ ቤቱ እስከ ቅዳሜ ብቻ እንደሚጠብቀውና ከዚያ በኋላ መስመሩን ለሌላ እንደሚሰጥ አስታውቆታል። ይህን ለእንግዳ ተቀባይዋ ነገረ፤ ለዘበኛው ነገረ፤ ለእኔ ሁለት ጊዜ ነገረኝ።

መኪናዋ ሞተሯ ሳይቀር ታጥባ ነበር። አክስቴ የታጠበ ሞተር አትወድም። በፊት መከላከያው ላይ አራት ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ዙሪያቸውንም ፀሐይ ያልነካው ቀለም ሁለት ክብ ሠርቷል። በአሮጌው ሽቦ ላይ ደግሞ የሚያብረቀርቅ አዲስ ጥቁር ቴፕ ተጠምጥሟል።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ምን ነበረ?» አለች።

«የቱ ላይ?»

«ጣቴ ያለበት።»

«ምንም አልነበረም እትዬ። እንዲሁ ሆና ነው የመጣችው።»

«ከፋብሪካ? አራት ቀዳዳ ይዛ?»

«ለአየር ይሆናላ።»

ከጉድጓዱ ውስጥ አብሯት የሚሠራው መካኒክ «እኔ ደግሞ ለጆሮ ጌጥ መስሎኝ» አለ። ሰውየው ሊስቅ ሞክሮ ተወው።

አክስቴ አልተቆጣችም፤ ለመቆጣት የሚሆን ጉልበት የተረፋት አይመስልም ነበር። «መብራት ነበረ» አለች። «ፍቱት ያላችሁ ማነው?»

ሰውየው የላስቲኩን ጥቅል ከኪሱ አወጣና መልሶ ከተተው። «የእህቴ ልጅ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። ዋስትና ያለው መኪና ላይ ትርፍ መብራት ከታየ ዋስትናው ገደል ገባ ማለት ነው አለኝ። ሰውም የሚለው እሱኑ ነው። ጎረቤቴ ሬዲዮ በማስቀየሩ ካምቢዮውን በዋስትና አንጠግንልህም አሉት ብለው አወሩልኝ።»

«ስለዚህ ፈታችሁት።»

«እስከ ሽቦው። ሞተሩንም አጠብነው፤ ንጹሕ ይሁን ብለን።»

«ንጹሕማ አደረጋችሁት። ምስክራችሁን አጥባችሁ ደፋችሁት እንጂ።»

ከዚያም እንደ ወትሮዋ ቀስ ብላ አስረዳችው። መብራቱ በራሱ ሽቦና በራሱ ፊውዝ ከባትሪው በቀጥታ ተስቦ ከሆነ ለጥቅሉ መቃጠል አይጠየቅም። የፋብሪካው ሽቦ ተቆርጦ ተቀጥሎበት ከሆነ ግን ጥፋቱ የባለቤቱ ነው። መብራቱ በቦታው ቢሆን ይህንን ለማየት ዐሥር ደቂቃ ይበቃት ነበር፤ አሁን በእጇ የቀሩት ቀዳዳና አዲስ ቴፕ ናቸው፤ ሁለቱም የሚመሰክሩት በእሱ ላይ ነው።

«የፈታችሁትን እንዳለ አምጡልኝ» አለችው። «ደግሞ እሱንም እንዳታጥቡት።»

«በራሴ እጅ አምጥቼ ሊፈርዱብኝ?»

«ካላመጡትማ የሚፈርድብዎ ቀዳዳው ነው።»

ረቡዕ አልመጣም። አክስቴ በምሳ ሰዓት ሁለት ጊዜ ወደ በሩ ስታይ አየኋት። ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ቅጹን ፍለጋ መጣ።

«እህቴ፣ ይቺ የዳቦ መኪና ምን ትጠብቃለች? አንደኛዋን ሙይና ላኪልኝ።»

«ሁለተኛዋን ገና አላወቅኋትም።»

«ሰውየው ራሱ ደብቋል እኮ። የደበቀን ሰው ምን ይጠበቅለታል?»

«መደበቁን አይቻለሁ» አለች ቀና ሳትል። «መደበቅ ግን ሽቦ አያቃጥልም።»

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አይቶ ሄደ። እሷም ጉልበቷን በመዳፏ አሸት አሸት አድርጋ ወደ ሌላ መኪና ወረደች።

ሐሙስ ጠዋት ሰውየው በዳቦ ሣጥን ውስጥ ሁለት መብራት፣ አንድ ጥቅል ሽቦና ኩርፊያ የተጫነውን የእህቱን ልጅ ይዞ መጣ። አክስቴ ሽቦውን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አንደኛው ጫፍ በባትሪ ላይ የሚታሰር ቀለበት አለው፤ ከቀለበቱ አንድ ስንዝር ርቆ ፊውዙ በማቀፊያው ውስጥ ተቀምጧል፤ አልተቃጠለም።

«እኔ የፋብሪካ ሽቦ አልቆርጥም» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። «ተምሬ ነው የምሠራው።»

«የተማርከውን ታዲያ ለምን ደበቅከው?»

ኤሌክትሪሺያኑ ወደ አጎቱ ተመለከተ።

«ቴፑስ?»

«እንዲያምር ብዬ ነው።»

መካኒኩ ፊቱን አዞረ። አክስቴ ግን ኤሌክትሪሺያኑን ሁሉንም በነበረበት እንዲገጥመው አዘዘችውና ቴፑን በራሷ ጥፍር ፈታችው። ከሥሩ የነበረው ሽቦ ምንም አልተነካም። ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ ቃጠሎውን እየተከተለች ወደ ኋላ ሄደች። ከመብራቶቹ ርቆ፣ ከሞተሩ በስተጀርባ፣ ዋናው የሽቦ ጥቅል ከአንድ የብረት ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ኖሮ ልባሱ አልቋል፤ ከብረቱ ሊያርቀው የሚገባው ማሰሪያ ከመጀመሪያውም አልተገጠመም። በእጅ ባትሪ እያበራች ለእኔና ለመካኒኩ አሳየችን። ስትወጣ በሦስተኛው ደረጃ ላይ ከወትሮው ረዘም አድርጋ ቆመች።

ቅጹን ቆማ ሞላችው። በመጀመሪያው ጥያቄ ትይዩ «አለ፤ ሁለት መብራት፣ በራሳቸው ሽቦና ፊውዝ»፤ በሁለተኛው ትይዩ «ምክንያት አልሆነም» ብላ ስለ ማሰሪያው አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመረች። ፈርማ ለሥራ አስኪያጁ ላከችው።

ቅጹ ዓርብ በጠረጴዛው ላይ ዋለ። ቅዳሜም ዋለ። አክስቴ ሁለት ጊዜ ሄዳ ጠየቀች፤ «ሌላ መርማሪ ይየው» ተባለች። ሰኞ ሌላው መርማሪ ጉድጓዱ ውስጥ ሳይወርድ ከእሷ ስም ሥር ፈረመ። ማክሰኞ አዲሱ ጥቅል ተገጠመ፤ ዋስትናው ሙሉ በሙሉ ጸናለት።

ሰውየው መኪናውን ሊወስድ የመጣው ረቡዕ ነበር። የመረከቢያ ወረቀቱን አክስቴ በጣቷ ባሳየችው ቦታ ላይ ፈረመ። ከዚያ ወሬ እንደሚያወራ ሰው ሆኖ፣ ዳቦ ቤቱ የዳር ሱቆቹን ለሌላ እንደሰጠና ለእሱ የቅርቦቹን ብቻ እንዳስቀረለት ነገራት።

«እንዲያው አልዋሽም፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ። «በመጀመሪያው ቀን እንደነበረች ባመጣት ኖሮ ለቅዳሜ ትደርስልኝ ነበር፤ አይደል?»

ሌላ ሰው ቢሆን ያጽናናው ወይም ይገሥጸው ነበር። አክስቴ ቀኖቹን በጣቷ ቆጠረች።

«ሁለቱ ቀን የእርስዎ ነው» አለችው። «ሦስቱ ግን የእኛ ነው።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ቁልፉን ተቀብሎ ሞተሩን አስነሣ፤ ሲወጣም ለዘበኛው እጁን አነሣ። አክስቴ ጉልበቷን ደግፋ ወደ ጉድጓዱ ወረደች፤ ቀጣዩ መኪና ቆሞ ይጠብቃት ነበር።