ኮሌታ አይዋሽም

በጨረር ሕክምናው ክፍል ሁሉም «ሲስተር ኮሌታ» ይሏታል። ስሙ እንዲያው አልወጣላትም፤ በሽተኛ ሲገባ ከሰላምታ በፊት የምታየው የሸሚዙን ኮሌታ ነዋ! «ሰው ቆዳው እየተላጠ ‹ደህና ነኝ› ይላል፤ ኮሌታ ግን አይዋሽም» ትላለች። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ስትል ኖራለች።

አንድ ሾፌር ነበር፤ ለጉሮሮ ካንሰሩ መታከም ከጀመረ ስድስተኛ ሳምንቱ ነው፤ የቀረው አምስት ቀን ብቻ። ያን ቀን ጠዋት፣ በዚያ ሙቀት፣ ሻርፕ ጠምጥሞ ገባ።

«ፍታው» አለችው።

«በርዶኝ ነው ሲስተርዬ።»

«እኔን ላብ ያጠምቀኛል፣ አንተን ይበርድሃል? ፍታው እንጂ!»

ሲፈታው ኮሌታው ቢጫ ሆኗል። አንገቱ ላይ ፓውደር ነስንሶበታል፤ ከፓውደሩ ሥር ቆዳው ተልጦ ውሃ ያዣል። ያን የሚያህል ሰውዬ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«ካየሽው ሕክምናውን ታስቆሚብኛለሽ ብዬ ነው። ከቆመ አበቃልኝ፤ ልጄን ሳልድር ልሙት?»

«ወይ የኔ ወንድም! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም? ጨረር እንደ እሳት አይደለም። የሚመታው ከሥር አዲስ ቆዳ የሚያበቅለውን ነው፤ አሮጌው ሲረግፍ ተተኪው አልደረሰም፣ በቃ። ለዚህማ አናቆምም! የሚያስቆመን ቁስሉ ካመረቀዘ ነው፤ አንተ ደግሞ በፓውደርህ እሱኑ ልትጠራብኝ!»

ዶክተሩም አይቶ «ካላመረቀዘ ይቀጥላል» አለ። የሴትዮዋን ነገር ማየት ከዚያ በኋላ ነው! የሚያማትን ወገቧን ይዛ፣ ከሥራ ሰዓቷ አንድ ሰዓት ቀድማ ትመጣለች። ፓውደሩን አጠበችለት፤ ሳትፈትግ በጨው ውሃ እያራሰች፣ የማይጣበቅ ፋሻ እየለወጠች ከረመች። እሱ ሲጮህ «መኪና ስትነዳም እንዲህ ነው የምትጮኸው?» ትለዋለች። አምስቱ ቀን ሳይዘለል አለቀ። ሲያልቅ ደግሞ ቁስሉ ወዲያው አይሽርም፣ እንዲያውም ይብሳል፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ እየተመላለሰ አስጠገነ።

ከሦስት ወር በኋላ ሾፌሩ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ደህና ዋልሽም ሳይላት ኮሌታውን ገልብጦ አንገቱን ዘንበል አደረገላት። ቆዳው ትንሽ ጠቆር ብሏል እንጂ ድኗል። ኮሌታው ላይ ከላብ በቀር ምንም የለም።

«ትናንት ልጄን የዳርኩበት ነው» አላት። «ልታጥበው ብትል ሚስቴን ከለከልኳት፤ መጀመሪያ አንቺ እይው።»

ሲስተር ኮሌታ ኮሌታውን በሁለት እጇ ይዛ ተንሰቀሰቀች።