ስም የማይጠራው አማች

ሙራድን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ የሚል ቢኖር ይዋሻል። ይህን የሚተርከውም ሰው ከመንገድ ሰላምታ ያለፈ አያውቀውም። የመናዊ ነው፤ ቦሌ ሚካኤል ሶፋ ያድሳል፤ ዝምተኛ ነው። ሌላው ሁሉ ሚስቱ ሀቢባ እየሳቀች ያወራችው ነው።

ዜግነት ባመለከተ ሰሞን ግን አልሳቀችም። የመኖሪያ ፈቃዱ መታደሻ በደረሰ ቁጥር፣ "ዘንድሮስ ቢከለክሉትና ልጆቼን ይዤ ብቀርስ?" እያለች ትሰጋ ነበር። ዜግነት ካገኘ ይህ ሥጋት ያከትማል። ስለዚህ ለቃለ መጠይቅ ሲጠራ ጨርቅ እየለካም እራት እየበላም አስጠናችው፤ ክልሎቹን፣ ወንዞቹን፣ የሰንደቅ ዓላማውን ቀለማት።

"አንተ ሰውዬ፣ ትምህርት ቤት እያለሁ እንዲህ ባጠና እኮ ዛሬ ዶክተር ነበርኩ!" አለችው።

በቀጠሮው ቀን ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት እሷን ኮሪደር ላይ አስቀምጠው እሱን ብቻ አስገቡት። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተና ጠያቂዋ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

"ነይ ግቢ። ባልሽ ክልሎቹን እንደ ውሃ ጠጣቸው። የእናትሽን ስም ስጠይቀው ግን ዱዳ ሆነ። የአማቱን ስም የማያውቅ ምን ዓይነት ባል ነው? ጋብቻችሁ የእውነት ነው?"

ሀቢባ ተነሥታ ገባች። ሁሉን ስታስጠና ይህን ረስታው ነበር። ሀላባ ባሉት ቤተሰቦቿ ዘንድ አማች የአማቱን ስም አይጠራም፤ ነውር ነው። ሙራድም ከኒካው ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ ጠርቶት አያውቅም።

"ያውቃል እኮ፣ እትዬ። አይጠራም እንጂ።"

"እዚህ ማን ይሰማዋል?"

"እሱ ራሱ ይሰማዋላ!"

ወይዘሮዋ እናቷ ጋ አስደወሏትና ስልኩን ተቀበሏት።

"እናቴ፣ አማችዎ ስምዎን አልናገርም ብሎ አስቸገረን።"

"እሰይ የኔ ልጅ!" የሚል ድምፅ ክፍሉን ሞላው። "ጠርቶኝ ቢሆን ልጄን አስመልስ ነበር!"

"ዜግነቱ እኮ ነው የሚቀርበት።"

"ውይ! እንግዲያስ ፈቅጃለሁ፤ ይጥራኝ።"

ሙራድ ከንፈሩን አላቀቀ። መልሶ ገጠመው። አንገቱን ደፍቶ ወለሉን ያይ ጀመር፤ ጆሮው ቀልቷል።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ሳቃቸው አመለጣቸው። "ተዉት በቃ። ከዚህ በላይ እንዴት አድርጎ የአገር ሰው ይሁን? ለዜግነት ኮሚቴው ደግፌ አቀርባለሁ።"

ኮሚቴውም ተቀበለው። ቃለ መሐላውን ፈጽመው ሲመለሱ ቦሌ ሩዋንዳ ሰፈር ካለ ጭማቂ ቤት ጎራ አሉ። ሀቢባ ስንት ዓመት ታፍኖ የኖረ ትንፋሿን ለቀቀችው፤ ከዚያም ሳቋ መጣ። ወንበሯን አስጠግታ ጆሮዋን ሰጠችው።

"በል እንግዲህ፣ ከእንግዲህ መንግሥትም አይጠይቅህም። ለእኔ ብቻ፣ በሹክሹክታ፤ እናቴ ማን ትባላለች?"

ሙራድ የስፕሪሱን ብርጭቆ ወደ እሷ ገፋ አደረገላት።

"ጠጪ እንጂ፤ ሊሞቅብሽ ነው።"